የታችኛው ቤት ቫልቭ

ካዛብላንካ፣ ማርች 11 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለቱዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሻል? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም አላህ ይመስገን ደህና ነን። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ቧንቧ ስገጣጥም ውዬ ማታ እጄ ብዕር አልጨብጥ እያለኝ ነው። ይቅር በይኝ፣ እታለም።

«አንድ ትልቅ መዝጊያ ለምን አይበቃም?» ላልሽው፦ ታንከሩ ሥር አንድ ቫልቭ ብቻ ቢኖር የአንድ ሰው ቧንቧ በተበላሸ ቁጥር መንደሩ በሙሉ ይጠማል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቫልቭ ካለው ግን የተበላሸው ቤት ብቻ ተዘግቶ ይጠገናል፤ ሌላው ሰው ሻዩን ያፈላል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እዚህ ያሉት የመንደራችን ባለሱቆች ለጉድጓዱና ለሞተሩ ሲያዋጡ ቫልቮቹን «ቅንጦት ነው» ብለው ሊያስቀሩብኝ ነበር። ተጨቃጭቄ ነው ያስገባኋቸው።

የታላቅ ወንድማችንን የጋሼ ቢሂን ቫልቭ አንቺ ግቢ የቀበርኩት ደግሞ ሆን ብዬ አይደለም። መስመሩ ከጉብታው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንቺን ግቢ ነው። የእሱ ቤት ከግንቡ ማዶ፣ ከመንደሩ ሁሉ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ውሃ ቁልቁለት እንጂ ኩርፊያ አያውቅም፤ ግንቡንም በመካከላችሁ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም።

መስመሩን ስዘረጋ ከሁለታችሁም ቤት በልቻለሁ። አንቺ ጋ ስበላ ስሙን አላነሳሽም፣ እሱ ጋ ስበላ ስምሽን አላነሳም። ባልሽ ሞቶ ስትመለሺ ከአባታችን ቤት ድርሻሽን መጠየቅሽ መብትሽ ነበር። እሱም ግማሹን ሰጠሽ፣ ከዚያ ግንብ ሠራና ቃሉን ነፈገሽ። ይኸው ሰባት ዓመት። «አትግባበት» ስላልሽኝ አልገባም። ግን አንዳችሁ ሳትነጋገሩ እንዳትቀበሩብኝ እፈራለሁ። ይህን ካላልኩሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወንድምሽ ኢደር


ኢሚንታላት፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1996

ወንድሜ ኢደር፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ላሟም ደህና ናት።

ውሃው ደረሰ ወይ ላልከው፣ ደርሷል። አያ ሕማድ ሽማግሌያችን ናቸውና መጀመሪያ እሳቸው ቀመሱና «ብረት ብረት ይላል» አሉ። ከዚያ ግን ሦስት ጊዜ አስቀዱ።

በቫልቮቹ ላይ ግን ሸንጎ ተቀምጦ ነበር። አያ ሕማድ አንዱን በበትራቸው ነካ ነካ እያደረጉ «ይሄ ምን የሚሉት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ውሃ መዝጊያ ነው፣ አያ» አላቸው ሞተረኛው እምባርክ።

«የማንን ውሃ?»

«የጎረቤትን።»

«አሃ፣ ኢደር ከተማ ገብቶ የተማረው ይሄን ነው? አባቶቻችን ደም የተቃቡትን ሰው እንኳ ከጉድጓድ አፍ አልመለሱም።»

ሴቶቹም ተንጫጩ። ውሃ የተዘጋበት ሰው ከሞተ ሰው በምን ይሻላል አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ ተቀየመኝ አትቀየመኝ የራስህ ጉዳይ ነው። ይነቀል ይቆይ ሲባባሉ ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ቢሂ ተነሣ። «የቤቱ ባለቤት በገዛ አፉ ዝጉልኝ ካላለ ማንም አይዝጋበት» አለ። ሲናገር ወደማን እንዳየ አልነግርህም። ሸንጎውም ቃሉን ወደደለትና ሕግ አደረገው፤ የሌላውን ሰው ውሃ ሳይጠየቅ የዘጋ ቅጣቱ ሸንጎውን በሙሉ ደግሶ ማብላት ነው። ስለዚህ አሁን የወንድሜ ቫልቭ ግቢዬ አለ፤ እኔም ልብስ ሳሰጣ እየተራመድኩት አልፋለሁ።

ስለ መነጋገር የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። አንብቤዋለሁ ነው ያልኩህ።

እህትህ ቱዳ


ካዛብላንካ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለቱዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የላክሽው የአርጋን ዘይት ደረሰ። ልጆቹ በዳቦ እያጠቀሱ ጨረሱት፤ ለኔ የተረፈኝ ሽታው ነው።

ቧንቧው ይንኳኳል፣ ጅን ይሆን ወይ ላልሽኝ፣ ጅን አይደለም። ሰዉ ሁሉ ቧንቧውን ሲዘጋ የውሃው ግፊት የሚያርፈው ከሁሉ ዝቅ ባለው ቤት ላይ ነው፣ እሱም የጋሼ ቢሂ ቤት ነው። ቫልቩ ግማሽ ድረስ ቢዞር ግፊቱ ይቀንስለታል። መገጣጠሚያዎቹ እስከ ብርዱ ወራት ይችሉ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ እኔን አያርገኝ። ይህን ለእሱ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። በአውቶቡሱ ሾፌር ልኬበታለሁ፤ ሾፌሩ ግን «ራሱን ነቀነቀልኝና ሄደ» አለኝ።

ከሰው ርቋል፣ ሰላምታው እንኳ ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆኗል፣ ኩራቱ ባሰ ብለሽ የጻፍሽውን ሌላም ሰው ነግሮኛል። ምን ልበልሽ፣ እርጅና ይሆናል።

ወንድምሽ ኢደር


ኢሚንታላት፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1996

ወንድሜ ኢደር፣

እኔ ደህና ነኝ። ውሃው ግን የለም።

«ቱዳ ለምን አልዘጋችውም?» ብለህ በሾፌሩ የላክብኝ ደርሶኛል። ገበያ መሃል ጮክ ብሎ ስለነገረኝ ጥያቄህን የማያውቅ ሰው የለም። እንደሆነው ልንገርህ።

ቢሂ ቤቱን ቆልፎ ከሄደ ሰንብቷል። አጋዲር ከተማ፣ ልጁ ጋ ነው ይላሉ። አንድ ማለዳ ለሱብሒ ሰላት ስነሣ ከግንቡ ማዶ ውሃ ሲንፎለፎል ሰማሁ። በግንቡ ላይ አሻግሬ ሳይ ፀሐይ ሳትወጣ ግቢው ኩሬ ሆኗል። ቫልቩ እግሬ ሥር ነበር። ቆሜ አየሁት። በገዛ አፉ ካላለ የተባለው ሰውዬ የለም። ብዘጋው «ቱዳ ቂሟን ተወጣች፣ ወንድሟ ዞር ሲል ውሃውን ዘጋችበት» ይሉኛል። ስለዚህ አያ ሕማድ ቤት ሮጥኩ።

እሳቸውም ሸንጎውን ጠሩ። ሸንጎው ደግሞ ሻይ ሳይጠጣ እንደማይናገር ታውቃለህ።

«ባለቤቱ ከሌለ ማን ሊጠጣው ነው? ይዘጋ» አለ አንዱ።

«ያወጣነውን ሕግ ዓመት ሳይሞላው ልናፈርሰው ነው?» አለ ሌላው። «አጋዲር ሰው ይላክና ይጠየቅ።»

«ሰውየው ሄዶ እስኪመለስ እኛ ዋና እንማራለን» አለ እምባርክ። ሰው ሳቀ። እሱ ራሱ ታንከሩ ጎድሎ ሲያገኘው ሞተሩን አስነሥቶ ትቶት መምጣቱን ማንም አልጠየቀውም። ክርክሩ ከሰዓት በኋላ እስከ ዐስር ሰላት ዘለቀ። በመጨረሻ የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተን። ጉድጓዱ ደርቆ፣ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲዞር ውሎ ተቃጥሎ ነበር። ያኔ አያ ሕማድ ራሳቸው መጥተው ቫልቩን ዘጉት፤ የሚወርድ ውሃ ግን አልነበረም።

አሁን ሴቱ በሙሉ ከድሮው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ በአህያ ይቀዳል። ረመዳንም እየተቃረበ ነው። ማንም አልወቀሰኝም፤ «ደግ አደረግሽ፣ የወንድምሽን ክብር ጠበቅሽ» ይሉኛል። ይሄ ነው የከበደኝ።

ሌላም የምነግርህ ነገር ነበር፤ ይቆየኝ።

እህትህ ቱዳ


ካዛብላንካ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1997

ለውድ፣ ለተከበርሽው፣ ለናፈቅሽኝ እህቴ ለቱዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? ጉልበትሽስ? አያ ሕማድን፣ ሚስታቸውን፣ እምባርክን፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ላሟንም፣ ፍየሎቹንም ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ሳነብላት እስክታለቅስ ሳቀች። እኔ ግን ቧንቧ ሠራተኛ ነኝና አልሳቅሁም። ቫልቭ የሚገጠመው ሊዘጋ ነው፣ እታለም። እናንተ እንደ ቅዱስ ወሊይ መቃብር በሩቁ ትሳለሙታላችሁ።

ባለሱቆቹ እያጉረመረሙ ለአዲስ ፓምፕ አዋጥተዋል፤ ከረመዳን መውጫ በፊት ይደርሳል። የጋሼ ቢሂን ቫልቭም ወደ ራሱ በር አዛውረዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም መጠየቅ የለበትም።

ስለ እሱ በሾፌሩ ለላክሽብኝ ጥያቄ፣ ደህና ነው። ለምን ሄደ ያልሽውን ግን ዘልዬዋለሁ፤ ዘለልከኝ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ።

ወንድምሽ ኢደር


ኢሚንታላት፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1997

ኢደር፣

ዘልለኸኛል፤ ተቀይሜያለሁ።

ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ሰላምታ ታበዛለህ። በዚህኛው ፍየሎቼ ሳይቀሩ ሰላምታ ደርሷቸዋል። አጋዲር ለምትኖረው ልጁ በነጋዴ ልኬባት ነበር። «አባባ እኔ ጋ ሁለት ቀን አድሮ አጎቴ ኢደር ጋ ሄደ፤ ከዚህ በላይ እንዳልናገር ተብያለሁ» አለች።

ታሟል? ዝም አይነቅዝም ብላችሁ ከሆነ የዚህ ቤት ዝምታ ከነቀዘ ቆይቷል። ጻፍልኝ።

ቱዳ


ካዛብላንካ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1997

እታለም፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። አዎ፣ እኔ ጋ ነው።

ጉሮሮው ውስጥ ክፉ እብጠት ተገኝቶበት ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ቆርጠው አወጡት። ሕይወቱ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ድምፁ ግን አይመለስም። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው፤ በነጠላ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። ማስማሉም በእጁ ነው፤ እጄን ይዞ ቁርኣኑ ላይ ጫነው። አሁን መሐላዬን አፍርሼአለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ድምፁ የጠፋው እዚህ አይደለም። ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ እየሰለለ ሄዶ ከመንደር ሲወጣ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ሰው እንዳያዝንለት ብሎ ነው ከሰው የሸሸው። እኛ ኩራት አልነው።

ስለ ውሃው የጻፍሽውን ሳነብለት ተነሥቶ ቆመ። በር እንደሚያንኳኳ አደረገ። ጣቱን ወደ መሬት ጠቁሞ አዞረ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ። አልገባኝም ስለው እንደገና አንኳኳ። አባታችን አንቺንና እኔን ፊደል ሲያስቆጥረን እሱ እርሻ ላይ ነበርና ጻፍልኝ እንኳ አልለውም። ባለቤቴ ናት የገባት። «እህቱ በር ሄዶ ዝጊልኝ ብሏታል ማለቱ ነው» አለችኝ።

እውነት ነው? መጥቶ ነበር?

ኢደር


ኢሚንታላት፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ኢደር፣

መጥቶ ነበር።

ይቆየኝ ያልኩህ ይኼ ነው። የሄደ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። ቢሂ ነው፤ ጀለቢያውን ለብሶ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ። በሰባት ዓመት የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ደነገጥኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው የደነገጥኩት፣ ይህን እወቅልኝ።

«አቤት» አልኩት።

ወደ ቫልቩ ጠቁሞ ጣቱን አዞረ። አልገባኝም ብልህ ውሸት ነው። መንገድ ሊሄድ ነው፣ ዝጊልኝ እያለኝ ነው። ግን እኔ በጣት መታዘዝ አልፈለግሁም። «ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ በገዛ አፍህ በለኛ» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው፣ ስሜን ቢጠራኝ ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን እጆቹን ዘርግቶ ዞሮ ሄደ። እኔም በሩን ዘጋሁና «እኔን ለመጠየቅ አፉ ከበደው» እያልኩ ስበሳጭ ዋልኩ።

ውሃው ሲፈስ ያልዘጋሁት ሕጉን ፈርቼ ነው ብዬህ ነበር። ሕጉንም ፈርቻለሁ። ግን ደግሞ ይፍሰስበት ብያለሁ፤ በልቤ ብያለሁ። መንደሩ ሁሉ በኔ ልብ ክፋት በረመዳን ውሃ ሲቀዳ እያየሁ ነው የማፈጥረው።

ንገረው፣ ወይም አትንገረው። አንተ ታውቃለህ። 

ቱዳ


ካዛብላንካ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1997

እታለም፣

ዒድ ሙባረክ። ፓምፑ ተገጥሞ ውሃው መምጣቱን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ነገርኩት። ምን አለ ትይኛለሽ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ራሱ ጠቆመ። እኔ የገባኝ «እኔም እንዳንቺ ነኝ» ማለቱ ነው። ባለቤቴ «ሕጉ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው ማለቱ ነው» ትላለች። ሲመጣ ራስሽ ጠይቂው። ሐኪሙ ፈቅዶለት በሚቀጥለው ሳምንት ይሳፈራል። አዲሱን ቫልቭ፣ መገጣጠሚያውን ዩኒየንና ማሸጊያውን ቴፍሎን በሻንጣው አስይዤዋለሁ። ለእምባርክ ንገሪው፦ አንቺ ግቢ ያለው ይነቀልና ቧንቧው ቀጥ ብሎ ይለፍ፤ አዲሱ ከጋሼ ቢሂ በር ውጭ፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይገጠም።

«ቫልቩ ባለበት ይቆይ» ብለሽ የላክሽብኝን ሰምቻለሁ። የምትፈሪውም ገብቶኛል፤ ቫልቩ ከሄደ ወደ በርሽ የሚያመጣው ጉዳይ የለም ብለሽ ነው። ግን አይሆንም፣ እታለም። ድምፅ የሌለው ሰው ውሃውን ለማስዘጋት ደጅ ሊጠና አይገባም፣ የእህቱም ደጅ ቢሆን።

ወንድምሽ ኢደር


ኢሚንታላት፣ ማርች 9 ቀን 1997

ወንድሜ ኢደር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሸንጎው ቀጣት የተባለው እውነት ነው ወይ ላልከው፣ እውነት ነው።

ቢሂ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። ድምፅ ያጣውን ሰው ጆሮ ያጣ አስመስለው ይጮኹበታል፤ እሱም በትዕግሥት ራሱን ይነቀንቃል። በጣም ከስቷል። በሰው መሃል ተያየን፣ እኔም እንደ ሌላው ሰው «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አልኩት። ሌላ ነገር ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

በሦስተኛው ቀን እምባርክ ቫልቩን ሊነቅል መጣ፣ ቢሂም ከኋላው። መጀመሪያ አዲሱ እሱ በር እስኪገጠም የእሱ ውሃ መዘጋት አለበት፣ ለመዝጋት ደግሞ ባለቤቱ በገዛ አፉ መጠየቅ አለበት። ሸንጎውም ሕጉ እንዴት እንደሚሆን ሊያይ ተሰብስቦ መጣ፤ ግማሹ ግንቤ ላይ ተቀምጧል።

«እንግዲህ» አሉ አያ ሕማድ «በገዛ አፉ ብለናል። እጅ እንደ አፍ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?»

«ቀኝ እጅ ከሆነ ይቆጠር» አለ አንዱ።

«ምስክር ያስፈልገዋል» አለ ሌላው። «እጅ ብዙ ነገር ይላል፤ ዝጊ ይበል፣ ክፈቺ ይበል በምን እናውቃለን?»

ሻይ ሊያስፈሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ቢሂ መሃላቸው ቆሞ አንዱን ሲያይ አንዱን ሲያይ፣ በመጨረሻ ቀኝ እጁን ሊያነሣ ጀመረ።  ያ እጅ ሲነሣ ለሁለተኛ ጊዜ ማየት አልቻልኩም፣ ኢደር። ጎንበስ አልኩና ቫልቩን እስከ መጨረሻው አዙሬ ዘጋሁት።

«ቱዳ» አሉ አያ ሕማድ «ገና አልጠየቀሽም እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ባንድ ድምፅ ቀጡኝ፤ በደስታ ነው የቀጡኝ፣ ከዒድ ወዲህ ሥጋ አልቀመሱም። ኩስኩሱን እኔ ሠራሁ። ፍየሉን ግን ቢሂ ራሱ ገዝቶ ጎትቶ አመጣና አረደ። «ቅጣቱ የእሷ ነው» ቢሉት ጆሮ የሌለው መሰለ። ሲበሉ እምባርክ ስለ ዋናው ቀልዱን ደገመው፤ ቢሂም ሳቀ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለውም። እንዲህ ሲስቅ ዓይቼው አላውቅምና ወደ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቫልቩ ባልከው ቦታ፣ በእሱ በር አጠገብ ተገጥሟል። አይንጠባጠብም። እኔ ግቢ የቀረው የተደፈነ አፈር ነው። ማታ ሳየው ሆዴ ባባ። አሁን በቃ፣ ሁሉም በየበሩ ነው አልኩ። አንተንም ረገምኩህ፤ ይቅር በለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ላሟን አልቤ ስመለስ በሩ ተንኳኳ። ቢሂ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ወደ መሬት አየሁ።

«ምን ልዝጋልህ?» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ «ምንም» አለኝ። ሻርፑን አስተካክሎ ጫማውን አወለቀና ገብቶ ተቀመጠ። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ዳቦና የአርጋን ዘይት አቀረብኩለት። እኔም ማውራት ጀመርኩ፤ ስለ ባሌ፣ ስለ ድርሻው፣ ስለ ግንቡ፣ ስለዚያ ቀን ጠዋት፣ ሁሉንም። እሱ እየበላ ይሰማል። አንዳንዴ ጣቱን ወደ ራሱ ይጠቁማል፤ የባለቤትህ ትርጉም ነው ትክክሉ።

ትናንትም መጣ። አሁን ይህን ስጽፍልህ አጠገቤ ተቀምጧል፣ የማላነበውን ጽፈሽ እንዳትልኪ ብሎ ይመስለኛል ወረቀቱን ደጋግሞ ያያል። ምን ፈልጎ መጣ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ምንም ፈልጎ አይደለም የመጣው።

እህትህ ቱዳ